የአንባቢያን ጥያቄ፦ ራዲያተሩ ውሃ ይጨርሳል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ሲሆን፣ የምተዳደረው ከመርዓዊ አካባቢ ሽንኩርትና ድንች እያመጣሁ ለከተማው ነጋዴዎች በማከፋፈል ነው። መኪናዬ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ያለው የቆየ ቶዮታ ሂሉክስ ፒካፕ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ራዲያተሩ ውሃ እየጨረሰ አስቸግሮኛል፤ በየሁለት ቀኑ አንድ ሊትር ያህል እጨምራለሁ። መኪናው ባደረበት ቦታ ግን አንድም እርጥበት አላይም። ጭነት ይዤ ስመለስ የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ይላል፤ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ደግሞ በክዳኑ ዙሪያ እንፋሎት ይወጣል። አንድ መካኒክ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክፍል በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ስለሆነ ሞተሩ ይከፈት አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ራዲያተሩን ቀይር ብሎ መከረኝ። ሁለቱም ከአቅሜ በላይ የሆነ ወጪ ይጠይቃሉ። ከየትኛው ልጀምር?

የሽምብጥ አንባቢ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከሁለቱም አይጀምሩ። ቴስታታ ማውረድም ሆነ ራዲያተር መቀየር ውሃው የሚወጣበት ቦታ በዓይን ከታየ በኋላ የሚወሰን ሥራ እንጂ በግምት የሚገባበት አይደለም። በደብዳቤዎ የጠቀሷቸው ምልክቶች፣ ማለትም የውሃው መቀነስ፣ መሬት ላይ ጠብታ አለመታየቱና በክዳኑ ዙሪያ የሚወጣው እንፋሎት፣ ሦስቱም ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ሊታዩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል የራዲያተር ክዳን ሲደክምም እነዚሁ ምልክቶች ይታያሉ። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው የግማሽ ቀን ሥራና አንድ የግፊት መፈተሻ ስለሆነ፣ ይህ ሳይደረግ ሞተርዎ እንዲከፈት አይፍቀዱ።

ክዳኑን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የራዲያተር ክዳን በውስጡ ባለው ሞላ አማካይነት ውሃውን አፍኖ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሲታፈን የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በብዙ የቆዩ ሂሉክሶች ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ክዳኑ ያንን ግፊት በትክክል ከያዘ የመፍያው ልክ ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚያግደው ቫልቭ፣ እንደ ዓይነቱ በ82 ወይም በ88 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር በመሆኑ፣ ጭነት የተሸከመ ጤነኛ ሞተር ውሃው ከ90 ዲግሪ በላይ ቢሞቅ የሚያሳስብ ነገር የለውም። ክዳኑ ግፊት መያዝ ሲያቅተው ግን የመፍያው ልክ ተመልሶ ወደ 94 ስለሚወርድ፣ ሌላ ምንም ብልሽት የሌለበት ሞተር በተለመደው ሥራው ላይ እያለ ውሃውን ያፈላል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ውሃውን ማዞር ያቆማል፤ በቴስታታው ውስጥ የተከማቸው ሙቀት መሄጃ ስለሚያጣ እንፋሎቱ የሚበረታው ልክ እርስዎ እንዳሉት መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ወደ ደብረ ታቦር የሚመላለሱ አንባቢዎቻችን ከተማዋ ከባሕር ዳር እጅግ ከፍ ያለች በመሆኗ ችግሩ እዚያ እንደሚብስ ማወቅ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ ክዳኑን አውጥተው በብርሃን ይመልከቱት። ሞላው የሚገፋው ሰፊው የጎማ ቀለበት ለስላሳና ምሉዕ መሆን አለበት፤ የራዲያተሩ አፍ ጠርዝ ጥልቅ ክብ ካተመበት፣ ወይም በጥፍር ሲጫኑት ጎማው ደርቆ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ክዳኑ አገልግሎቱን ጨርሷል። በመካከሉ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍርዎ ሳብ አድርገው ይልቀቋት፤ ወዲያው ወደ ቦታዋ መመለስ አለባት። ይህች ቫልቭ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከትርፍ ውሃው ጠርሙስ ውሃ መልሳ የምታስገባ ናት፤ ተጣብቃ ከቀረች ጠርሙሱ ሞልቶ እያለ ራዲያተሩ ይጎድላል፣ የላይኛው ጎማ ቱቦም ጠዋት ጠዋት ተጨራምቶ ይገኛል። የራዲያተሩን አፍ የውስጥ ከንፈርም በጣትዎ ይዳስሱ፤ ዝገት ወይም ጉድፍ ካለበት አዲስ ክዳንም አይዘጋውም። ክዳን ሲገዙ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጠብቀው ይግዙ። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ያረጀ ራዲያተርና ያረጀ ጎማ ግን ያንን ተጨማሪ ግፊት አይችሉም።

ክዳኑ ቢቀየርም ባይቀየርም ቀጣዩ ሥራ የግፊት ፈተና ነው። መሣሪያው የእጅ ፓምፕና የግፊት መለኪያ ያለው ሲሆን በክዳኑ ቦታ ይገጠማል። ጋራዥዎ ከሌለው ካለው ጋራዥ ሄደው ያስፈትሹ፤ ለዚህ የሚከፍሉት ገንዘብ የትም አይባክንም። ከአንድ ቀን በፊት ሞተሩን አሳጥበው እንዲደርቅ ያድርጉ፤ አቧራና ዘይት የተለጠፈበት ሞተር ላይ አዲስ እርጥበት መለየት ያስቸግራል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩን እስከ አፉ ይሙሉ፣ ከሥር ሰፊ ካርቶን ያንጥፉና የመኪናው ፊት በየት በኩል እንደሆነ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። መካኒኩ በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ልክ ብቻ ነፍቶ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብቅ። የመለኪያው መርፌ ካልተነቃነቀ ጥፋቱ የክዳኑ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። መርፌው ከወረደ ግን ውሃው በአንድ ቦታ እየወጣ ስለሆነ፣ የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዞ መፈለግ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚታየው የውሃ ፓምፑ ነው። ከፓምፑ አንገት በታች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ብዙ ሰው የተሰበረ ነገር ይመስለዋል እንጂ ሆን ተብሎ የተበጀች ናት። በውስጥ ያለው ማኅተም ሲበላ ውሃው ዘንጉ ወደሚዞርበት ኩሽኔታ እንዳይገባ በእሷ በኩል ወደ ውጭ እንዲወጣ ታስቦ ነው። በቀዳዳዋ ዙሪያ እርጥበት ወይም የደረቀ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቅርፊት ካዩ ፓምፑ ዕድሜውን መጨረሱን ይወቁ። በዚህ ሞተር ላይ ፋኑ በፓምፑ አፍንጫ ላይ የተገጠመ በመሆኑ ለመፈተን ይመቻል፤ የፋኑን ሁለት ክንፎች ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝወዝ ሲያደርጉት ከተንቀጠቀጠ የውስጡ ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው። ቀዳዳዋን በሙጫ ማስደፈን ጥፋት ነው፤ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባና ፓምፑ መንገድ ላይ ተሰብሮ ፋኑን ራዲያተሩ ላይ ሊያስገባው ይችላል። ፓምፑን የሚያዞረው የውጭው ቺንጋ ስለሆነ ለመቀየር የጊዜ ቺንጋውን (የሞተሩን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰውን) መንካት አያስፈልግም፤ ሥራው የአንድ ቀን ነው። ቺንጋው ከተሰነጣጠቀ አብሮ ይቀየር።

ከዚህ ቀጥሎ ሰው የሚረሳው ቦታ ከሞተሩ ኋላ፣ ከሹፌሩ ክፍል ግድግዳ ጋር የሚገናኙት ሁለቱ ቀጫጭን የማሞቂያ ጎማዎች ናቸው። በባሕር ዳር ሙቀት የመኪና ማሞቂያ የሚከፍት ስለሌለ እነዚህን ጎማዎች የሚያስታውሳቸው የለም፤ ውሃ ግን ዓመቱን ሙሉ በውስጣቸው ታፍኖ ይኖራል፣ ጎማውም ከማጥበቂያው ቀለበት ሥር ቀስ በቀስ ይደርቃል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ስለሚያርፍ መሬት ሳይደርስ ይተናል። መኪናዎ ባደረበት ቦታ እርጥበት ያላዩት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚወርድ ሌሊቱን ምንም አይንጠባጠብም። በረዳቱ መቀመጫ በኩል ያለውን ምንጣፍም ገልጠው ይዳስሱ፤ ከረጠበ ወይም ጣፋጭ ሽታ ካለው የሚያፈሰው በውስጥ ያለው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። መኪናው ጋራዥ እስኪገባ ድረስ ሁለቱን ጎማዎች ከሞተሩ በኩል በአንድ ቱቦ አገናኝቶ ማሞቂያውን ከመስመር ማስወጣት ይቻላል፤ በእኛ አየር ጠባይ የሚያሳጣው ነገር የለም።

የዋናው ራዲያተር ፍሳሽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የላይኛውና የታችኛው ታንክ ከመሀለኛው ክፍል ጋር በሚጋጠሙበት መስመር ነው። የእርስዎ አሮጌው የነሐስና የመዳብ ራዲያተር ከሆነ ጥሩ ባለሙያ በቆርቆሮ ብየዳ በአግባቡ ይጠግነዋል፤ መቀየር አያስፈልግም። የፕላስቲክ ታንክ ያለው የአሉሚኒየም ራዲያተር ከሆነና ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ግን ማጣበቂያው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስለሚለቅ ታንኩን ወይም ራዲያተሩን መቀየር ይሻላል። በመጨረሻም በብሎኩ ጎን ያሉት ክብ የብረት መክደኛዎች ይታዩ፤ ለዓመታት ተራ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት በኖረ ሞተር ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋሉ፣ ከጭስ ማውጫው ሥር ያለው ደግሞ ያለ መስታወት አይታይም።

መርፌው እየወረደ በውጭ አንድም እርጥበት ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው መካኒክ ጥርጣሬ ሚዛን ይደፋል። ይህም ቢሆን ቴስታታው ከመውረዱ በፊት የሚረጋገጥበት መንገድ አለ። ቀዝቃዛውን ሞተር ክዳኑ ተነሥቶ ያስነሡት፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ የማያቋርጡ አረፋዎች ከወጡ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ በቀዝቃዛ ሞተር በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ጋዙን የሚለይ ፈሳሽ ያለው መፈተሻም አለ፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ ተደርጎ ፈሳሹ ቀለሙን ከቀየረ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ነው። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው ይመልከቱ፤ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ወይም መጠኑ ከጨመረ ሞተሩን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አያስነሡት። ጠዋት የሚታየው ነጭ ጭስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ሲነሳ የሚያሞቀው ካንዴሊታ ሲደክም ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ሲያንጠባጥብም ነጭ ጭስ ያወጣል። ሞተሩ ሲሞቅም የማይጠፋና ውሃው በቀነሰ ቁጥር የሚበረታ ጭስ ግን ችላ አይባልም። ጠዋት ሞተሩ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ እንደ መታነቅ ካደረገው ደግሞ ደጋግመው አይሞክሩ፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይጨመቅምና የፒስተኑን ክንድ ሊያጣምም ይችላል።

ቴስታታው መውረዱ ግድ ከሆነ፣ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መልሶ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። የጋለ ሞተር ቴስታታ ሊጣመም ወይም በቫልቮቹ መካከል ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች የሚስተካከሉበት) ተወስዶ በቀጥ ያለ ብረትና በክፍተት መለኪያ ይለካ፣ ለስንጥቅም በግፊት ይፈተን። በኤል ተከታታይ ሞተሮች ጓርኒሲዮኑ የተለያየ ውፍረት አለው፤ ትክክለኛው የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ተለክቶ ወይም በአሮጌው ላይ ያለው ምልክት ታይቶ ነው። ሱቅ ላይ የተገኘውን ገዝቶ መግጠም የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚታየው መካኒኩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ነው። ቡሎኖቹም በቅደም ተከተላቸውና በልክ በሚያጠብቅ ቁልፍ እንጂ በክንድ ኃይል አይጠብቁ። ይህን ሁሉ እንዲያደርግ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ መካኒኩ ሲጠየቅ የሚከፋ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ፍሳሹ ከተዘጋ በኋላ የሚሞላው ነገርም የሥራው አካል ነው። ባሕር ዳር ውሃ በረዶ ስለማይሆንባት ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ) አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ኩላንቱ ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያውን ልክ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፣ የፓምፑንም ማኅተም ይጠብቃል። ከጣና ወይም ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ በውስጡ የሟሙ ማዕድናት ስላሉበት ሲሞቅ በቴስታታው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ኩላንቱ ያልተበረዘ ከሆነ እኩል በእኩል ከተጣራ ውሃ ጋር ያደባልቁ፤ ይህን ውሃ የባትሪ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ያገኙታል፣ ብቻ ከአሲዱ ለይተው ይግዙ። ሲሞሉ የማሞቂያውን መክፈቻ ወደ ሙቅ አድርገው፣ የመኪናውን ፊት ወደ ዳገት አዙረው፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ አየሩ እስኪወጣና የላይኛው ጎማ እስኪሞቅ ድረስ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። በማግስቱ ጠዋት ደግመው ይዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። የተቀዳውን አሮጌ ኩላንት በጀሪካን ይያዙት እንጂ ወደ ቦይ አይድፉት። ሽምብጥ ላይ የተደፋ ነገር መጨረሻው ሐይቁ ነው። ፈሳሹ መርዝ ሆኖ ሳለ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ ወይም ውሻ ሊቀምሰው ይችላል፤ ትንሽ መጠንም ኩላሊት ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የእኔም ፒካፕ ይሞቅ ስለነበር መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። አሁን ጠዋት መለኪያው ከታች አይነሳም፣ ጭነት ሲኖር ግን ያው ይሞቃል። መልሼ ላስገባው?

የዘንዘልማ አንባቢ

መልስ፦ አዎን፣ ያስገቡት። ቴርሞስታት ማውጣት በየጋራዡ የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም የሞቀበትን ምክንያት አይነካም፤ የእርስዎም ሞተር አሁንም መሞቁ ይህንኑ ያሳያል። ከታች በኩል ተጨማሪ ክብ ቆርቆሮ ያለው ዓይነት ከነበረ ደግሞ ማውጣቱ ጉዳት አለው፤ ያ ቆርቆሮ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው በአቋራጭ ተመልሶ እንዳይዞር የሚዘጋ ነው። እሱ ሲጠፋ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያገኝ ይመላለሳል። በቀዝቃዛ ሞተር መሥራትም ናፍጣው በደንብ እንዳይቃጠልና ዘይቱ ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋል። አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት በክር አንጠልጥለው ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ይጣዱት፤ ውሃው ሳይፈላ መከፈት አለበት። ከዚያ የሙቀቱን እውነተኛ መንስኤ በራዲያተሩ መዘጋት፣ በፋኑና በፓምፑ በኩል ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ከወረታ ወደ ጎንደር እጭናለሁ። መንገድ ላይ ራዲያተር ሲያፈስ እንቁላል ወይም በርበሬ ጨምሩበት ይላሉ። ይሠራል? ዳገት ላይ ብሞቅስ ምን ላድርግ?

የወረታ አንባቢ

መልስ፦ እንቁላሉም በርበሬውም ጥቃቅን ቀዳዳ ለጊዜው ሊደፍን ይችላል፤ ግን የትኛውን ቀዳዳ መድፈን እንዳለበት አይመርጥም፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችና የማሞቂያውን መስመርም አብሮ ይዘጋል። በሱቅ የሚሸጠው የፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄትም ከዚህ የተሻለ ቢሆን በመጠን ነው እንጂ በባሕርይ አይደለም። እኔ የምመክረው ተጨማሪ ውሃ በጀሪካን፣ ትርፍ ጎማ ቱቦና ሁለት ሦስት የማጥበቂያ ቀለበቶች፣ ከካቻቢቴ ጋር እንዲይዙ ነው። ብዙውን የመንገድ ፍሳሽ የሚያድኑት እነዚህ ናቸው።

ከአዲስ ዘመን በኋላ ባለው ዳገት መለኪያው ከፍ ማለት ሲጀምር፣ ማርሽ ቀንሰው ፍጥነትዎን ያብርዱ፣ ማሞቂያውንም እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፤ ይሞቅዎታል፣ ግን ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንሳል። መርፌው ቀይ ከነካ ዳር ይዘው ይቁሙ። ከፍ ብሎ የነበረው መርፌ ድንገት ወደ ታች ቢወድቅ ሞተሩ በረደ ብለው አይደሰቱ፤ መለኪያው ሙቀቱን የሚያነበው ከውሃው ነውና፣ ውሃው ካለቀ የሚያነበው ነገር የለውም። በዚህ ጊዜ ወዲያው ያጥፉት። ክዳኑን በጋለ ሞተር አይክፈቱ፤ የላይኛውን ጎማ በእጅ ጨብጠው መያዝ እስኪችሉና ለስላሳ እስኪሆን ይጠብቁ። ባዶ በሆነና በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ መጀመሪያ ጥቂት ጨምረው ሞተሩን ያስነሡና፣ በዝግታ እየሠራ የቀረውን ቀስ በቀስ ያፍስሱ። ከዚያ ዳገቱን አይቀጥሉ፤ አዲስ ዘመን ተመልሰው የሚያፈስበት ቦታ እንዲፈለግ ያድርጉ።